በየጠዋቱ ቀኑ የሚጠፋበት ኮምፒዩተር

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ዴስክቶፔን ጠዋት ስከፍተው «ኤፍ 1ን ተጫን» ብሎ ይቆማል። ቀኑንም ጃንዋሪ 1, 2009 ይላል። ሳላስተካክለው ኢንተርኔት ከገባሁ ድረ ገጾቹ አስተማማኝ አይደሉም እያለ ይከለክለኛል። አንድ ባለሙያ «ማዘርቦርዱ ይቀየር» አለኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እባክዎ አይቸኩሉ። የጻፉልኝ ምልክት ሁሉ የሚያመለክተው የሰዓቱን ባትሪ ነው።

ክዳኑን ሲከፍቱ ማዘርቦርዱ (የኮምፒዩተሩ ክፍሎች የሚገጠሙበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ሳንቲም የምታህል ክብ ባትሪ ያገኛሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለው ናት፤ 3 ቮልት፣ ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 3.2። ስሟም ከልኳ የመጣ ነው። ኮምፒዩተሩ መብራት ሲያጣ ሰዓቱን የምታስኬደው እሷ ናት። ስትደክም ሰዓቱ ወደ መነሻው ይመለሳል። የድረ ገጾች የደህንነት ሰርተፍኬት ደግሞ በቀን የተገደበ ስለሆነ ቀኑ ሲሳሳት አሳሹ አላምንም ይላል። ፋይሎችዎ ግን ዲስኩ ላይ ናቸው፤ አይነኩም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ማታ ሲዘጉ ማከፋፈያውን ይነቅላሉ? ዴስክቶፕ ቢጠፋም ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ሰዓቱ ከመብራቱ ስለሚመገብ ባትሪዋ ታርፋለች። ሲነቀል ግን ሌሊቱን ሙሉ ብቻዋን ትሠራለች። በየማታው የሚነቀል ማሽን ባትሪው ቶሎ የሚያልቀው ለዚህ ነው። ቢሆንም መንቀሉን አይተዉ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፓወር ሰፕላይ ከሚቃጠል ባትሪ መግዛት ይሻላል።

ለማረጋገጥ አንድ ሌሊት ብቻ ሳይነቅሉ ያሳድሩት። ጠዋት ሰዓቱ ልክ ከሆነ፣ በማግስቱ ነቅለውት ሲያድር ደግሞ ከጠፋበት፣ ጥፋቱ የባትሪዋ ነው። ልዩነቱ ሁልጊዜ እኩል 3 ወይም 6 ሰዓት ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። ያ የሰዓት ክልል ስህተት ወይም በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሞላ ሰዓት ነው፤ እኔ ዘንድ ብዙ ጊዜ ይመጣል።

ሲቀይሩ መጀመሪያ ገመዱን ይንቀሉ፤ የመክፈቻውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይያዙ። የሳጥኑን ብረት ነካ ያድርጉ። ከዚያ ባትሪዋን የያዘችውን ትንሽ መቆንጠጫ ገፋ ሲያደርጉ ብድግ ትላለች። ከመንቀልዎ በፊት የ + ምልክቱ በየት በኩል እንደሆነ ያስተውሉ፤ አዲሷም እንደዚያው ትግባ። ሲጨርሱ ባዮስ (ኮምፒዩተሩ ገና ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብተው ቀንና ሰዓቱን ሞልተው «ሴቭ» ያድርጉ። አዲስ ባትሪ ገብቶም ቀኑ ከጠፋ፣ ያኔ ስለ ማዘርቦርዱ እንነጋገራለን።

አሮጌዋን ጠረጴዛ ላይ እንዳይተዉ አደራ። ያለቀች ባትሪ እንኳ ሕፃን ከዋጣት በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች። እኔ ሁለቱንም ፊቷን በፕላስተር ጠቅልዬ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ላይ አስቀምጣለሁ። ልጅ ዋጠ ብለው ከጠረጠሩ ሳይጠብቁ በቀጥታ ሆስፒታል ይውሰዱት።