መልስ፦ የእድራችን ብር በገንዘብ ያዡ ስም መቀመጡ

ወንድሜ፣ «ገንዘብ ያዣችን ታማኝ ስለሆኑ የእድሩ ብር በእሳቸው ስም ባንክ ገብቷል፤ ችግር አለው?» ላልከው፣ አዎ አለው። ነገሩ የታማኝነት አይደለም፤ ነገ አንድ ነገር ቢሆኑ ከወራሾቻቸው ጋር ፍርድ ቤት ልትመላለሱ ነው። ሂሳቡ በእድሩ ስም ይከፈት፤ ከእድሩ ዳኛ፣ ከጸሐፊውና ከገንዘብ ያዡ ቢያንስ ሁለቱ ሳይፈርሙ ብር አይውጣ። መተዳደሪያ ደንባችሁንና ቃለ ጉባኤውን ይዛችሁ ወደ ባንኩ ሂዱ።

የ2011ዱ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 እድርን አይመለከትም። ስለዚህ በዚያ አዋጅ ኦዲት የሚጠይቃችሁ የለም፤ ተቆጣጣሪ ራሳችሁ ምረጡ፣ የኮሚቴ ዘመድ ባይሆን ይመረጣል።

እኛም እድር ብር ጎድሎ ነበር፤ የጎደለው ግን ከወርሃዊ መዋጮው አልነበረም፤ ከድንኳንና ከወንበር ኪራዩ ነው። ደረሰኝ አልነበረውም፣ በደብተር ጀርባ በእርሳስ ነበር የሚጻፈው።