«ስካፎልዲንግ» የሚለው ቃል ከየት መጣ? ጥያቄና መልስ

በማስተማር ሥራ «ስካፎልዲንግ» የሚባለው ተማሪው ብቻውን እስኪችል ድረስ የሚሰጥ፣ ሲችል ግን የሚነሣ እገዛ ነው። ስለ ቃሉ በጎንደር የመዋዕለ ሕፃናት መምህራንና ወላጆች ያቀረቧቸው ጥያቄዎች ከመልሶቻቸው ጋር እነሆ። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ በሥልጠና ላይ ቃሉ የቪጎትስኪ ነው ተብለናል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ ያረፈው በ1934 ሲሆን፣ ቃሉ የታወቀው የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ዉድ፣ ጀሮም ብሩነርና ጌይል ሮስ በ1976 ባሳተሙት ጥናት ነው። የቪጎትስኪ ሐሳብ ሕፃኑ ብቻውን በሚችለውና በሰው እገዛ በሚችለው መካከል ስላለው ርቀት ነው። ሁለቱ ሐሳቦች ስለሚገጥሙ ባለቤቶቻቸው ቢምታቱ አይገርምም።

ጥያቄ፦ ጥናቱ ስለ ምን ነበር?

መልስ፦ የሦስት፣ የአራትና የአምስት ዓመት 30 ሕፃናት 21 እንጨቶችን ገጣጥመው ፒራሚድ እንዲሠሩ ተደረገ። አስጠኚዋ ሕፃኑ ሲችል እጇን ትሰበስባለች፣ ሲቸገር ትገባለች።

ጥያቄ፦ ቃሉ በእንግሊዝኛ ቀድሞ ምን ማለት ነበር?

መልስ፦ ሥሩ የድሮ ፈረንሳይኛ ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ የገባውም በ14ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ነው። ግንበኞች የሚቆሙበትን ጊዜያዊ መወጣጫ ብቻ ሳይሆን ተመልካች የሚቀመጥበትን ከፍ ያለ መደብ፣ እንዲያውም ሞት የተፈረደበት ሰው የሚሰቀልበትን መድረክ ጭምር ይጠሩበት ነበር። የሕፃናት መምህራን ይህን የመጨረሻውን ትርጉም አለማስታወሳቸው ደግ ነው!

ጥያቄ፦ በአማርኛ «ድጋፍ» ብንለው አይበቃም?

መልስ፦ ለዕለት ንግግር ይበቃል፤ እኔን ግን አያረካኝም፤ ምክንያቱም ድጋፍ የግድግዳ ምሰሶም ሊሆን ይችላል፣ ምሰሶ ደግሞ አይነሣም። በከተማችን ፎቅ ሲሠራ በዙሪያው የሚታሰረው የባሕር ዛፍ አጣና ግን ግንቡ ሲያልቅ ይፈታል፤ ብሩነርና ባልደረቦቹ ቃሉን ከግንባታ የተዋሱትም ለዚህ ይመስለኛል። አያት ለልጅ ልጇ ስፌት ስታስተምር የሞሰቡን መነሻ ራሷ ትጀምርላታለች፣ ስንደዶውን ታስይዛታለች፣ ወስፌው የት እንደሚወጋና አክርማው በየት እንደሚያልፍ ጣቷን ይዛ ታሳያታለች። ልጅቷ ሦስተኛው ዙር ላይ ስትደርስ አያት እጇን ለቅቃ ዐይኗን ብቻ ታስከትላለች። ስለዚህ በጽሑፍ «ተነሺ ድጋፍ» ብንል እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ታዲያ የቤት ሥራውን የሚሠራለት ወላጅስ?

መልስ፦ እሱ ምሰሶ ሆኗል።