ተመላሽ የተደረገ ቀረጥ ግብር ይከፈልበታል ወይ?

ኤክስፖርት ለምታደርጉት ምርት ባስገባችሁት ጥሬ ዕቃ ላይ የከፈላችሁት ቀረጥ ሲመለስላችሁ፣ ወሳኙ ቀረጡን ስትከፍሉ እንዴት እንደመዘገባችሁት ነው። ጥሬ ዕቃው 100,000፣ ቀረጡ 10,000 ሆኖ 110,000ውን በሙሉ በወጪ ከቀነሳችሁ፣ ሕጋችሁ በግልጽ ነፃ ካላደረገው በስተቀር ተመላሹ 10,000 በገቢ ይያዛል። አለዚያ በአንድ ቀረጥ ሁለት ጊዜ ትጠቀማላችሁ። ከመነሻው ተሰብሳቢ (ወደፊት የሚመለስላችሁ ገንዘብ) ብላችሁ ይዛችሁት ወጪው 100,000 ብቻ ከሆነ ግን ገንዘቡ ሲገባ ተሰብሳቢውን መዝጋት ነው፤ አዲስ ገቢ የለም።

ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው ተመላሹ ከኤክስፖርት ሽያጭ ጋር ሲደባለቅ ነው። ለላኪነታችሁ የግብር ቅናሽ ካላችሁና በኤክስፖርት ትርፍ ላይ የሚሰላ ከሆነ፣ ቅናሹ ያለአግባብ ያብጣል፤ ኦዲተሩም ሽያጩን ከጉምሩክ ዲክላራሲዮን ጋር ሲያመሳክር ልዩነቱን ያገኘዋል። እባካችሁ ለተመላሹ የራሱን ሂሳብ ክፈቱለት።

በግዢ የከፈላችሁት ቫት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ተመላሽ የምትጠይቁበት እስከሆነ ድረስ በወጪ አትመዝግቡት።