ቱሉ ዲምቱ እንግባ ወይስ ሃያ ሁለት እንቅር?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ከተጋባን ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። የምንኖረው ሃያ ሁለት አካባቢ አንዲት ሰርቪስ ቤት ተከራይተን ነው። ክፍሏ አንድ ናት፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፣ ከአጥራችን ጀርባ ደግሞ ግሮሰሪ አለ፤ ዓርብና ቅዳሜ ሙዚቃው እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ትራሳችን ሥር ነው። 9 ሺህ ብር ስንከፍል ቆይተን አከራያችን ባለፈው ሳምንት «ከመጪው ወር 14 ሺህ፣ ካልሆነ ልቀቁ» አሉን። ባለቤቴ በደላላ በኩል ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ባለ ሁለት መኝታ በ11 ሺህ አግኝቷል። «ጸጥ ያለ ሰፈር ነው፣ ባቡርም አለ» ይላል። የምሠራው ሜክሲኮ ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል መግባት አለብኝ። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። እናቴ «ጅብ ይበላሻል» እያለች ታስፈራራኛለች። እርስዎ እዚያ እንደሚኖሩ በዚሁ ዓምድ አንብቤያለሁና እውነቱን ይንገሩኝ።

ግራ የገባት፣ ከሃያ ሁለት

መልስ፦

ልጄ፣ መጀመሪያ የጅቡን ነገር እንጨርስ። አለ። ሌሊት ከሜዳው ማዶ ሲጮኽ አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማዋለሁ። እዚህ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ በእኛ ሳይት ሰው ነካ ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም። እኔ የምፈራው ውሻውን ነው። ማታ ከታክሲ ወርደሽ በብሎኮቹ መሃል ስታቋርጪ ስድስት ሰባት ሆነው ይከተሉሻል። ጎንበስ ብለሽ ድንጋይ ያነሳሽ ምሰዪ፣ ይበተናሉ፤ ድንጋዩ መኖሩ ግድ አይደለም። አሁን መጎንበሱ ይከብድሽ ይሆናል እንጂ።

ሁለተኛ፣ ስለ አከራይሽ። እንዲህ በአንድ ቃል 5 ሺህ ብር መጨመር አይችሉም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ጭማሪ ቢኖር በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው ልክ ነው። ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ይህቺን በተለይ ያዣት፤ የቱሉ ዲምቱው ደላላ «የስድስት ወር በአንዴ» ማለቱ አይቀርም። ከአከራይ ጋር አንድ ግቢ እያደሩ፣ ከአንድ ቧንቧ እየቀዱ አዋጅ መጥቀስ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ቢሆንም ወረዳ ሄደሽ ጠይቂ። ምናልባት መልቀቅሽ አይቀርም፤ ግን በሚመጣው ወር መሆኑ ይቀራል፣ ረጋ ብለሽም ቤት ትመርጫለሽ።

አሁን ወደ ባቡሩ። ባለቤትሽ አልዋሸም፣ አሳጠረው እንጂ። ባቡር አለ፣ ቃሊቲ። የሰሜን ደቡቡ መስመር በ2008 ሥራ ሲጀምርም ሐዲዱ የሚያበቃው ቃሊቲ ነበር፣ ዛሬም እዚያው ነው። ከዚያ ወዲህ ታክሲ ነው። ሜክሲኮ እዚያው መስመር ላይ መሆኗ ግን ዕድልሽ ነው፤ አንዴ ከተሳፈርሽ መቀየር የለም። ጣጣው ከቤትሽ እስከ ቃሊቲ ያለው ነው። እኔ ጡረታ እስክወጣ ሦስት ዓመት ከዚህ እየተመላለስኩ ለገሃር አካባቢ አስተምሬያለሁ። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ከቤት እወጣለሁ። ከአሥራ ሁለት በፊት የተሰለፈ ወንበር ያገኛል፤ ከሩብ በኋላ የመጣ የሰልፉን ጫፍ ፍለጋ ብቻውን አሥር ደቂቃ ይፈጅበታል። የተማሪ ደብተር ታክሲ ውስጥ አርሜ ጨርሼ የገባሁበት ቀን ብዙ ነው፤ ከፊሉ ልጅ ማርኩን በመንገዱ ጉድጓድ ምክንያት ተጣሞ ነው ያገኘው። ማታ ደግሞ ታክሲው መስመር ይቆርጣል። እስከ ግማሽ ያወርድሽና ሌላ ትፈልጊያለሽ፣ ሁለቴ ትከፍያለሽ። ከኪራዩ የተረፈሽን ስታሰይ ይህንንም ቁጠሪ።

ስለ ጸጥታው። ባለቤትሽ ቤቱን ያየው በሥራ ቀን፣ ረፋድ ላይ ይመስለኛል። ያኔ ብሎኩ ባዶ ነው። ከነጋ የሚቀረው ጡረተኛ፣ አራስና የቤት ሠራተኛ ብቻ ነው። የምጣድ አክንባሎ ሲነሳ ይሰማሻል። «ቆራሌው!» የሚለው ልጅ ያልፋል፣ ከኋላው «ልዋጭ!» ይከተላል። ከዚያ ንፋሱ አለ፤ በጥርና በየካቲት አቧራውን ይዞ በመስኮት ይገባል፣ ያላሰርሽውን በር ያላትማል። ሌላው ሰው ሁሉ ከተማ ነው ያለው። የጸጥታው ምክንያት ይኸው ነው። ቅዳሜ ከመጣሽ ልጆቹ በደረጃው ሲሯሯጡ ታገኛለሽ፤ የለቅሶ ወይም የሠርግ ድንኳን ከተተከለ ደግሞ ሦስት ቀን ጸጥታ የሚባል ነገር የለም። እንደ ሃያ ሁለቱ ግሮሰሪ ግን በየሳምንቱ አይደለም፣ ያን ልመስክር።

አንቺ ደግሞ ያን ረፋድ በቅርቡ ልትኖሪው ነው። የወሊድ ፈቃድሽ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። ዘጠና ቀን ጨቅላ ታቅፈሽ፣ ባልሽ ንጋት ላይ ወጥቶ ማታ ሁለት ሰዓት ሲመለስ፣ በባዶ ብሎክ ውስጥ። እኔ ካዛንቺስ ነው ተወልጄ ያደግኩት፤ ጎረቤቴ ካስነጠሰች «ይማርሽ» የምላት በግድግዳው በኩል ነበር። እዚህ ስመጣ ሁሉም የብረት በሩን ቀርቅሮ ነው የሚኖረው። የመጀመሪያዎቹን አራት ወራት የማንንም ስም ሳላውቅ ከረምኩ። አንድ ሌሊት ልጄ በአስም ታፈነች። ስምንት ሰዓት ነው፣ ታክሲ የለም፣ የማውቀው ባለ መኪና የለም። ደረጃው ላይ ወጥቼ ጮህኩ። ከምድር ቤት አንድ ሰው በነጠላ ጫማ ወጣ፣ ላዳውን አስነሳ፣ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አደረሰን። ስሙን የጠየቅኩት ሲነጋ ነው። በማግስቱ ቡና አፍልቼ በየበሩ ጠራሁ፤ ያ ቡና እስከ ዛሬ ተራ ሆኖ ቀጥሏል። በደረጃችን አሥር ቤት ነን፣ የደረጃው ዕድርም የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ ዕቃ ባስገባሽበት ሳምንት ቡና አፍዪ። ሰው ይጋብዘኛል ብለሽ አትጠብቂ። በር ዘግተሽ ከተቀመጥሽ እናትሽ ያስፈራራችሽ ጅብ ያ ጸጥታ ራሱ ነው።

መብራቱ እንደ ሃያ ሁለቱ ነው፤ ይሄዳል፣ ይመጣል። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። ክረምት ላይ ጫማሽን የሚይዘው ግን ጥቁር ዋልካ ነው፤ ቀዩን የት እንዳስቀመጡት እስካሁን አላገኘሁትም። ቦቲ ጫማ ግዢ።

ውሃው ግን ሌላ ነገር ነው። ከተማው ከሚጠጣው ውሃ ጥቂት የማይባለው የሚሳበው ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው፣ ጉድጓዶቹ ደግሞ ጎረቤቶቻችን ናቸው። እኛ ቧንቧ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን፣ እሱም ሌሊት ነው። ምድር ቤት ያሉት በርሜላቸውን ይሞላሉ። እኔ ሁለተኛ ፎቅ ነኝ፤ ነቅቼ ከጠበቅኩ ይደርሰኛል። አራተኛ ፎቅ ላይ ቧንቧው ይተነፍሳል እንጂ አይፈስም። አንዳንዱ ዲናሞ ገጥሞ ይስባል፣ የላዩ ሰው ያን ጊዜ ጭራሽ ያጣል፤ የኮሚቴ ስብሰባችን ግማሹ በዚሁ ጠብ ነው የሚያልቀው። ውሃ የሚያመላልሱ ልጆች አሉ፣ የጀሪካኑ ዋጋ ግን እንደ ፎቁ ይጨምራል። ሊፍት የለም። ባለፈው ዓመት አራተኛ ፎቅ ላይ የወለደች ጎረቤቴ የሕፃኑን ጨርቅ የምታጥበው እኔ ቤት ነበር። ደስ እያለኝ ነው የተቀበልኳት፤ እሷ ግን በየቀኑ ስትወርድ ስትወጣ መገጣጠሚያዋ አለቀ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ከደላላው ጋር በረፋድ አትሂጂ። አንድ ማክሰኞ ከሥራ እንደወጣሽ ከሜክሲኮ በቀጥታ ተነሺ፣ ብሎኩ በር ላይ ስትደርሺ ሰዓትሽን እዪ። ጥበቃውን «ውሃ አለ?» ብለሽ አትጠይቂው፣ አለ ይልሻል። «መጨረሻ የመጣው መቼ ነው?» በዪው። ኮሙናሉን፣ የነዋሪውን የጋራ መገልገያ ቤት፣ ገብተሽ እዪው፤ እንጀራ የሚጋገርበት ከሆነ ጥሩ ነው፣ የሲሚንቶ መጋዘን ከሆነ ኮሚቴው ተኝቷል ማለት ነው።

እኔ ብሆን እገባ ነበር። ለልጅሽ የራሱ ክፍል ይኖረዋል፣ ቅዳሜ ሌሊት ትተኛላችሁ። ግን ከሁለተኛ ፎቅ በላይ ከሆነ፣ በግማሽ ዋጋም ቢሰጡሽ በዚህ ሆድ አትግቢ። ስለ መኝታው፣ ስለ ዋጋውና ስለ ባቡሩ ሁሉንም ጽፈሽልኛል፤ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ግን ደብዳቤሽ ላይ የለም። ዛሬ ማታ ባለቤትሽን ጠይቂው።