ዱቄቱን ተከታተይ፦ የፒኬዩ ልጅ ለወለደችው እህቴ

እህቴ፣ የሦስት ሳምንት ልጅሽ ፒኬዩ (ሰውነት ፌኒልአላኒን የሚባለውን የፕሮቲን ክፍል በደንብ መሰባበር የማይችልበት የውርስ ሕመም) አለበት ተብሎ ጡት ላቁም ወይ፣ መድኃኒትስ የለውም ወይ ብለሽ የጠየቅሽውን አነበብኩ። የኔም ልጅ ያው ናት፣ አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ በቤቴ ያየሁትን ነው የምነግርሽ።

ሐኪሞችሽ ሳያዙሽ ጡት አታቁሚ። በእናት ጡት ወተት ውስጥ ያለው ፌኒልአላኒን ከተራው የሕፃናት ወተት ያነሰ ነው። እኛ ፌኒልአላኒን የሌለበትን ልዩ የዱቄት ወተት («ዱቄቱ» የምንለው፣ ፕሮቲን የሚሰጣት) ለክተን እናስቀድማለን፣ ከዚያ ጡት ትጠባለች። መጀመሪያ ላይ ቁጥሯ (በደሟ ያለው የፌኒልአላኒን መጠን) በጣም ከፍ ብሎ ስለነበር ለጥቂት ቀን አስቁመውኝ ነበር፣ ወተቴ እንዳይደርቅ እየታለብኩ ቆየሁ። ደግሞ ፌኒልአላኒን መርዝ ነው ብለሽ ጭራሽ እንዳትከለክይው። ሰውነት ራሱ አይሠራውም፣ ልጅ ለማደግ ትንሽ ያስፈልገዋል። መጠኑን የሚወስነው የደም ምርመራው ነው። ለሕፃናት የሚፈለገው በደም ውስጥ በሊትር ከ120 እስከ 360 ማይክሮሞል ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ሰው ሁሉ የሚያወራልሽ ስለተከለከለው ነው፦ ሥጋ፣ እንቁላል፣ አይብ፣ አስፓርቴም (ፌኒልአላኒን ያለው ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ) ያለበት ጣፋጭ (እሱን ግን እውነትም ተጠንቀቂ፣ አንዳንድ የልጆች ሽሮፕ ውስጥም ይገባል)። እኔም እዚያው ላይ ተጣብቄ ነበር። ልጄ አራት ዓመቷ ላይ ቁጥሩ እየወጣ እየወጣ አስቸገረን። የምትበላውን በግራም እመዝናለሁ፣ ምንም አላጎደልኩም። በመጨረሻ እናቴን ጠረጠርኩ፣ «ተደብቀሽ ታበያታለሽ» ብዬ አስለቀስኳት። የአመጋገብ ባለሙያዋ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ዱቄቱንስ ጨርሳ ትጠጣለች?»

አትጨርስም ነበር። ግማሹን መታጠቢያ ውስጥ ትደፋዋለች። ለካ ሰውነት በቂ ፕሮቲን ካላገኘ የራሱን ጡንቻ ያፈርሳል፣ እዚያ ውስጥ ያለው ፌኒልአላኒን ደም ውስጥ ይገባል። ትንሽ ስለበላ ይቀንሳል ማለት አይደለም! ዱቄቱ የምግብ ማሟያ ሳይሆን ሕክምናው ራሱ ነው፣ የፒኬዩ ልጆች የሚጎድላቸው ታይሮሲን የሚባለው ሌላ የፕሮቲን ክፍልም ያለው እዚያ ውስጥ ነው። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ተከፋፍሎ ሲጠጣ ይሻላል። እናቴን ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ እስካሁን ግን ታነሳብኛለች።

መድኃኒትስ ላልሽው፣ አለ። ሳፕሮፕተሪን የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል፣ ፌኒልአላኒንን የሚሰባብረውን የደከመ ኢንዛይም የሚያግዝ ነው። የሚሠራው ግን ለአንዳንዱ ብቻ ነው፣ ተሞክሮ ነው የሚታወቀው። ለኛ አልሠራም፣ ሁለት ቀን አልቅሼ ተውኩት። በ2018 የተፈቀደ ፔግቫሊያዝ የሚባል መርፌም አለ፣ ከባድ አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም፣ ለጨቅላ የሚሰጥም አይደለም። ስለዚህ ለአሁኑ ያንቺ ሥራ ዱቄቱና የደም ምርመራው ናቸው።

ልጅ ሲያተኩሰውም ቁጥሩ ይወጣል፣ ምክንያቱ ያው የጡንቻው መፍረስ ነው። ፒኬዩ እንደ አንዳንዶቹ የሜታቦሊዝም ሕመሞች በአንድ ሌሊት ሕይወት ላይ አይደርስም፣ አትደንግጪ። ግን በሕመም ቀን ምን እንደምትሰጪው፣ ለማን እንደምትደውዪ ከወዲሁ በጽሑፍ ተቀበይ። እኛ መፈለግ የጀመርነው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ልጅቷ እየተቃጠለች ነበር።