ለጥሩር ሥራ ፎም ወይስ ፕላስቲክ?

የአልባሳት ክለብህ መመሪያ የጥሩሩ «ላዩ ጠንካራና ልሙጥ ይሁን» ስለሚል፣ በፎም ብሠራው የክለቡ ገምጋሚ ይጥለኛል ወይ ላልከው፦ ደረቱን፣ ጀርባውንና የራስ ቁሩን ኤቢኤስ ከሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ሥራቸው። 2 ሚሊሜትር ውፍረት ይበቃል። በሙቀት ይታጠፋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ፎሙን ክርንና ጉልበት አካባቢ ተጠቀምበት፤ እዚያ መተጣጠፍ የግድ ነው።

ክለቡ ፎም የሚቀበል ከሆነ ግን ጠጠር ያለ ኢቪኤ ፎም (እንደ ጎማ የሚተጣጠፍ የፎም ዓይነት) ውሰድ። 10 ሚሊሜትሩ ለደረት፣ 5 ሚሊሜትሩ ለጌጥ። ቀለም ከመቀባትህ በፊት፦

1. ላዩን በሂት ገን (ትኩስ አየር በሚነፋ መሣሪያ) አሙቀው፤ እጅህ አንድ ቦታ አይቁም። ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ሲደፈኑ ላዩ በትንሹ ያብለጨልጫል።
2. ደርቆም የሚለጠጥ ፈሳሽ ቀዳዳ መድፈኛ በስሱ ደጋግመህ ቀባ። እያንዳንዱ ሳይደርቅ ሌላ አትደርብ።

አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ የመጀመሪያውን የፎም ጥሩር ስሠራ የማይለጠጥ ተራ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ) ነበር የቀባሁት። ቤት ውስጥ ቆሞ ሲታይ ልክ ብረት ይመስል ነበር። ለብሼው እጄን ሳነሳ ትከሻው ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። ገምጋሚው ጣቱን አሳለፈበትና መለሰኝ። የሁለት ወር ሥራ ነበር፣ በጣም ነው ያዘንኩት።

ስለዚህ መጀመሪያ መዳፍ የምታክል ቁራጭ ላይ ሙሉውን ሂደት ሞክር። በማግስቱ እጠፋት። ካልተሰነጠቀች ፎቶ አንስተህ ለገምጋሚው ላክለት፤ ዋናውን ፎም የምትቆርጠው እሺ ካለህ በኋላ ነው።

ቁርጥራጮቹን ለማጣበቅ ማስቲሽ ስትቀባ ደግሞ መስኮት ክፈት፤ ሽታው ራስ ያዞራል።