ሽቴፋን ራብ ቀልደኛ ነው ወይስ ሙዚቀኛ?

ወንድሜ፣ ጀርመናዊው ሽቴፋን ራብ ቀልደኛ ነው ወይስ ሙዚቀኛ ብለህ ለጠየቅከው፣ ሰውዬው ሁለቱንም ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ኮሎኝ ውስጥ ተወለደ። ወላጆቹ ሥጋ ቤት ስለነበራቸው እሱም የሥጋ ሙያ ተምሯል፤ የሕግ ትምህርትም ጀምሮ ትቶታል። በ1993 ቪቫ በተባለው የሙዚቃ ጣቢያ ብቅ አለ። ዩክሌሌ የምትባለውን ትንሽ ባለ አራት ክር መሣሪያ ይዞ እንግዳው ፊት ቁጭ ይልና ስለ እንግዳው አስቂኝ ዘፈን ይዘፍናል። ከ1999 እስከ 2015 «ቲቪ ቶታል» የተባለውን አስቂኝ የቴሌቪዥን ዝግጅት አቀረበ። በ2001 ከቦክስ ሻምፒዮኗ ሬጊና ሃልሚሽ ጋር ገጥሞ አፍንጫው ተሰበረ!

ለእኔ ትልቁ ሥራው ግን ዩሮቪዥን በተባለው የአውሮፓ አገሮች የዘፈን ውድድር ላይ የሠራው ነው። በ2000 ስቶክሆልም ላይ ራሱ ዘፍኖ አምስተኛ ወጣ። ሰው ቀልድ ነው ቢለውም ሙዚቃው ግን ጥንቅቅ ያለ ነበር። ከዚያ ወጣት ድምፃውያንን ማፈላለግ ያዘ። በ2010 በእሱ ውድድር የተገኘችው የ19 ዓመቷ ሌና ኦስሎ ላይ አሸነፈች። ጀርመን ከ1982 ወዲህ አሸንፋ አታውቅም ነበር። በ2015 ከስክሪን ጠፋ፤ በ2024 ከዚያችው ከሃልሚሽ ጋር ቦክስ ገጥሞ ተመለሰ። ለመጀመር የስቶክሆልሙን ዘፈን ፈልገህ እይ፤ ጀርመንኛ ባትሰማም ያስቅሃል።